የልብስ ሰፊው ሜትርና አሥራ ሁለቱ በሮች

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ልብስ ሰፊው ነው። የኮቴን እጅጌ እያሳጠረልኝ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘረገፈልኝ። ልብስ ሰፊው ወሬ አያበዛም። ከጨርቁም ከወሬውም ትርፉን ቆርጦ ይጥላል። የጣለውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጥቂቱን ደግሞ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ፊደል አልቆጠርኩም፣ ምን አስዋሸኝ። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ ግን አንድም ቀን መስታወቴን ግድግዳ አላስላስኩም። ሁለት ጣት ብቻ በምትተርፍ በር በኋላ ማርሽ የገባሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ልክ ሲወራ ከኔ ፊት የሚቀመጥ የለም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሰውየውን ሰፈሩ «ገባኝ» ነው የሚለው። አንድ ነገር ልትነግረው አፍህን ስትከፍት «ገባኝ፣ ገባኝ» ይልሃል። ምኑ እንደገባው እግዜር ይወቀው። የተነገረውን ግማሽ ሰምቶ የቀረውን ከራሱ ይሞላል፤ ከራሱ የሚሞላው ደግሞ ባዶ ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ይዛው ሄዳ ልብስ ሰፊው ዘንድ አስገባችው። ሦስት ወር ቁልፍ ተከለ፣ ጫፍ ዘመዘመ፣ ካውያ አሞቀ። በአራተኛው ወር አንገቱን ቀና አድርጎ «መርፌ ይዞ ማጎንበስ የወንድ ሥራ አይደለም» አለና ወጣ። ሲወጣ ግን ባዶ እጁን አልወጣም። ቢጫውን የጨርቅ ሜትር፣ ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው የነበረውን፣ በኪሱ ከቶ ነበር። ለጓደኞቹ «የሦስት ወር ልፋቴን በሜትር ተቀበልኩ፤ ሰውዬው እስከዛሬ ይፈልገዋል» እያለ ይስቅ ነበር። ይቺ በሕይወቱ የሠራት ትልቋ ጀብዱ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የጠላት ታንክ የማረከ ሰው እንኳ እንደሱ አያወራም።

ከዚያ ፀጉር አስተካካይ ሆነ። የአንዱን ደንበኛ ፀጉር በግራ ሲያሳጥር በቀኝ ረዘመ፣ በቀኝ ሲያሳጥር በግራ ረዘመ፣ እንዲህ ሲያስተካክል ሲያስተካክል ሰውዬው አናቱ ላይ ቆብ የደፋ መሰለ። ሰውዬው በመስታወት ራሱን አይቶ ወደ እሱ ሲዞር፣ ገባኝ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ አንዱ ጆሮዎ ከፍ ያለ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

ከኔም ጋር ሠርቷል። ዘጠኝ ቀን ረዳቴ ሆኖ። ዳገት ላይ ቆሜ «ውረድና ለጎማው ድንጋይ...» ስለው «ገባኝ» ብሎ ዘለለ። ድንጋዩን አምጥቶ ከፊት ለፊት ደነቀረው። አስቡት፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንጋጦ የቆመ ነው፤ የሚንሸራተተው ወደ ኋላ ነው እንጂ ወደ ሰማይ አይደለም። አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ይዤ ወደ ሽንኩርት ሻጮቹ ስንደረደር፣ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ለስንት ሰው ይለቀስ ነበር። እኔ ግን መሪውን ጠምዝዤ ከእንጨት ምሰሶ ጋር አስታቅፌ አቆምኩት። ገባኝ መጥቶ በመስኮት «ፍሬንህ ላልቷል» አለኝ። እኔን። በዘጠነኛው ቀን የሸኘሁት ለዚህ ነው።

ፎቶ ቤት ገባ፣ ወጣ። ደላላ ሆነ። ዘበኛ ሆኖ ከሰው ንብረት ይልቅ የራሱን እንቅልፍ ሲጠብቅ ተያዘ። የትም ቢገባ ያ ሜትር አንገቱ ላይ ነው። ዘበኛ ሳለ ቀበቶው ተበጥሶ ሱሪውን ያሰረበት ጊዜም አለ። ከወጣበት ሥራ ሁሉ ምራቁን ተፍቶ ነው የሚወጣው፤ ደላላ ቀጣፊ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ የሰው ራስ እያሻሸ የሚሸመግል ነው፣ ሹፌር ደንቆሮ ነው። ሹፌር ደንቆሮ ነው ያለው እንግዲህ ድንጋይ የት እንደሚደረግ ያላወቀ ሰው ነው።

በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ሚስት የለ፣ ሙያ የለ፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ ታላቅ እህቱ በር ላይ ቆመ። እህቱ የአናጺው ሚስት ናት። ከጓሮ እንጨት የሚቀመጥባት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ እንጨቱን አስወጥታ አልጋ ዘረጋችለት።

አናጺው ብዙ አይናገርም። እርሳሱ ከጆሮው አይጠፋም፣ ጣውላ ሲያይ በአውራ ጣቱ ዳብሶ ነው የሚያምነው። ወገቡ ግን አልቋል። ደረጃ መውጣት ለሱ ተራራ ነው። ሁለቱም ልጆቹ ቢሮ ገብተዋል፤ የመጋዝ ብናኝ ያስነጥሳቸዋል። ሱቁን የሚረከበው ስላጣ ነው እንጂ፣ ገባኝን አይቶ አይደለም ያን ቀን ምሳ ላይ እንዲህ ያለው፦

«የክሊኒኩ በር ሥራ መጥቷል። አሥራ ሁለት በር። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እኔ አልወጣም። አንተ ትለካለህ፣ እዚህ እንቆርጣለን። በሮቹ ልክ ከመጡ ሱቁን አንተ ትይዘዋለህ፣ እኔ እየተቀመጥኩ አሳይሃለሁ።»

«ካልመጡስ?» አለች እህቱ።

«ካልመጡ ሌላ ቤት ይፈልግ።»

እህቱ ወንድሟን አየችው። «ሰማህ? የመጨረሻህ ነው። እኔም ከዚህ በኋላ አልለምንልህም።»

«ገባኝ እትዬ» አለ፣ ዳቦውን እያላመጠ። ደረቱ ግን ወዲያው ተነፋ። ሱቁን በልቡ ተረክቦ፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብቶ፣ ራሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው ሲያዝ ታየው። የሰው ልጅ ሥራ ሳይጀምር እንዴት እንደሚደክመው ከሱ ተማሩ።

ጠዋት ሲወጣ አናጺው የብረት ሜትሩን ከመስኮት አንስቶ ዘረጋለት።

«ይሄን ያዝ።»

«ጋሼ፣ ተወው። ሃያ ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ የኖረ ሜትር አለኝ» አለና ያንን ቢጫ ጨርቅ መታ መታ አደረገው። አናጺው ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሊቀመጥ ሲል ነበርና የተባለውን አልሰማም። ገባኝም የብረቱን ሜትር ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ የብረቱ ሜትር ኪስ ያበላሻል፤ የጨርቁ ደግሞ ባለሙያ ያስመስላል።

ክሊኒኩ ገና እየተገነባ ነው። ግንበኛው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ሲለስን ገባኝ ደረሰና፣ የአሥራ ሁለቱን መቃን ወርድና ቁመት እየለካ ወረቀት ላይ ጻፈ። አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ወርዱ ሰማንያ ስምንት፣ ቁመቱ ሁለት መቶ ስድስት።

ግንበኛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ዘጠና በሁለት መቶ አሥር ነው የተውኩት» አለው።

«ግንበኛና ልክ መቼ ተገናኝተው ያውቃሉ» አለና ወረደ።

አናጺው ወረቀቱን አየ። ቅንድቡ ትንሽ ተነሳ።

«ሰማንያ ስምንት? በምን ለካኸው?»

«በሜትር ነዋ ጋሼ። በክንዴ ልለካው ኖሯል?»

እህቱ ከውስጥ ሳቀች። አናጺውም እንደ መሳቅ አለና ተወው። እዚህ ላይ የአናጺውም ጥፋት አለበት፤ እኔ ብሆን ራሴ ሄጄ በዓይኔ እለካው ነበር። ከዚያ በዚያው በብረት ሜትር፣ ቅንጣት በማያዛባው፣ ለሁለት ተጋግዘው ሰማንያ ስምንት በሁለት መቶ ስድስት፣ ለክፍተት ደግሞ ትንሽ እየቀነሱ፣ አሥራ ሁለት በር ቆረጡ። ሦስት ሳምንት። ጣውላው ደረቅና ንጹሕ ነበር፣ ሙጫው ጥሩ፣ መላጊያው ስል። ገባኝ እንኳ ላቡን ሲያንጠባጥብ ታይቷል ይላሉ። ማታ ማታ እህቱ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ታሞቅለት ጀመር። «ወንድሜ ሰው ሆነልን» ስትለው፣ ባሏ «እናያለን» አላት። ለሱ ይሄ ብዙ ነው።

በሮቹ በጋሪ ሄዱ። ተሸካሚዎች ሦስተኛ ፎቅ አወጧቸው። ሐኪሟ፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ እጇን አጣምራ ቆማለች። ግንበኛውም ምሳውን ትቶ መጥቷል። ገባኝ የመጀመሪያውን በር አንስቶ መቃኑ ውስጥ አቆመው።

በጎን ሁለት ጣት ክፍተት። በታች አይጥ ጎንበስ ሳይል የሚገባበት።

«ግድግዳው ነው» አለ ገባኝ። «ሲደርቅ ሸሽቷል።»

«ግድግዳ ወዴት ይሸሻል?» አለ ግንበኛው።

ሁለተኛውን ሞከረ። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ሲደርስ ላቡ በጀርባው ወረደ። እጁ በሩን ይዟል፣ ዓይኑ ግን ሰማያዊ የተቀባው ሱቅ ላይ ነው፤ ቀለሙ እየለቀቀ ነው።

ሐኪሟ ድምጿን ሳታነሳ «እኔ ያዘዝኩት የመመርመሪያ ክፍል በር ነው። በሽተኛዬ ልብሱን ሲያወልቅ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ሁሉ እንዲያየው አይደለም» አለች።

ሰው ተላከ። አናጺው መጣ። ያንን ደረጃ እያንዳንዱን እርከን እየቆመ፣ ግድግዳ እየደገፈ ወጣ። ላይ ሲደርስ ከኪሱ የብረት ሜትሩን አውጥቶ መቃኑን ለካ። ዘጠና። ከዚያ እጁን ወደ ገባኝ ዘረጋ።

«ሜትርህን አምጣ።»

ወለሉ ላይ ብረቱን ዘረጋው፣ ጨርቁን ከጎኑ አስተኛው። ጫፍና ጫፋቸውን አገጣጠመ። ከብረቱ ዘጠና አጠገብ ጨርቁ ሰማንያ ስምንት ይላል። ጨርቁ ተለጥጧል። የሱሪ ማሰሪያ የሆነ ጨርቅ ምን ያድርግ?

ጉዱን ልንገራችሁ። በዚያው በጨርቁ ለክቶ በዚያው በጨርቁ ቢቆርጥ ኖሮ በሮቹ ይገጥሙ ነበር። በብረቱ ለክቶ በብረቱ ቢቆርጥም ይገጥሙ ነበር። ግማሹን በአንዱ ሙያ፣ ግማሹን በሌላው የሠራ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። በምድር ላይ ከገባኝ በቀር ይሄን ስህተት የሚሳሳት ሰው አላውቅም።

ግንበኛው መጀመሪያ አፉን ያዘ፣ ኋላ አልቻለም። አናጺው ግን አልሳቀም።

«ጋሼ፣ በዳር በዳሩ ቀጭን ጣውላ ብንለጥፍበት...» ሲል ገባኝ ጀመረ።

«የኔ በር አይጣፍም» አለ አናጺው። ወደ ሐኪሟ ዞሮ «በወር ውስጥ አዲስ ይደርስሻል። ተጨማሪ አልጠይቅሽም» አላትና ያንን ደረጃ እንደገና ወረደ።

አሥራ ሁለቱ በሮች ወደ ቤት ተመለሱ። ገዢ እስኪገኝ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ዝናብ ከነካቸው ይጣመማሉ። እህቱ የጓሮዋ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ሻንጣውን ራሷ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችለት።

«ለበሮቹ ቦታ የለንም» አለችው። «አልጋው ይውጣ ብሏል።»

«እትዬ፣ ታዲያ እኔስ?»

«አንተማ ሁሉ ይገባሃል።»

ሰው በሠራው በር ከቤት ሲባረር አይቼ አላውቅም። በሮቹ ተኝተው እሱ ቆመ።

አንድ ሳምንት የት እንደከረመ አላውቅም፣ ልጠይቅም አልፈለግሁም። ከዚያ ልብስ ሰፊው በር ላይ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊው አርጅቷል፣ መነጽሩ ወፍሯል፣ ግን እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ አንድ ሥራ ሠርቶ ያረጀ ሰው ሲያዩት ያስታውቃል፣ ልክ እንደኔ። ገባኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባና፣ ሜትሩን ጥቅልል አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ልቤ ላይ የከበደኝን ልመልስ ነው የመጣሁት። የሰረቅኩብዎት ሜትር ይሄ ነው። ዋጋውን ይንገሩኝ፣ ልክፈል።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ቁልፍ መትከልም አልረሳሁም» ሲል ጨመረበት።

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሜትሩን ፈታታው።

«የሰረቅከኝ? ይሄ እኮ የጣልኩት ነው። ካውያ ነክቶት ተለጥጦብኝ፣ አዲስ ገዝቼ ይሄን ከቁርጥራጩ ጋር ወረወርኩት። ያን ቀን 'ያ ሜትር...' ብዬ ልነግርህ ስጀምር፣ 'ገባኝ' ብለኸኝ ወጣህ።»

እስቲ አስቡት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተኩራራባት ስርቆት ስርቆት አልነበረችም። ከቆሻሻ ያነሳት ናት።

«አባባ፣ ቢሆንም እከፍላለሁ» አለና ኪሱን ዳብሶ ያለችውን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «ደሞዜን ያስቀሩብኝ መስሎኝ ነው የወሰድኩት። ይቀበሉኝ።»

«ለጣልኩት ነገር አላስከፍልም። ሥራም የለኝም።»

«ግማሹን እንኳ።»

ልብስ ሰፊው ገንዘቡን በመቀሱ ጫፍ ወደሱ መልሶ ገፋው፣ ሜትሩን ቁርጥራጩ ውስጥ ጣለው፣ መርፌውን አነሳ። ገባኝ በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ሁለት ጊዜ ለመነው ይባላል። ልብስ ሰፊው አንድ ሳንቲም አልተቀበለውም።