የሃዳሳ ፊልምና የሃሊሳ ለቅሶ

ድፍረት እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እላለሁ። ፊደል የለየሁት ልጅ ካሳደግሁ ወዲህ ነው፤ አንዲት መስመር ጽፌ ደጋግሜ እሰርዛለሁ። ቢሆንም የሃዳሳን ነገር ሰው አዛብቶ ሲያወራው ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። ያን ቀን ዳቦ ይዘው ከሮጡት አንዷ እኔ ነኝና።

ሃዳሳ እዚሁ እስራኤል፣ ሃይፋ የተወለደች፣ ሃሊሳ ሰፈር ያደገች፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ልጅ ናት። ጠዋት ክርያት ቢያሊክ ወርዳ አንዲት አሮጊት ትጦራለች፤ ከሰዓት ኮሌጅ ገብታ ፊልም ትማራለች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ባዶ እያለ እንኳ ቆማ ነው የምትሄደው። የያዘችው ጥናት መንግሥት ለፊልም ድጋፍ ሲሰጥ የትኛው ፊልም ይሠራል፣ የትኛው ይቀራል የሚል ነው። ከኢትዮጵያ ስለመጣው ሰው የተሠሩትን ሰብስባ ስታይ፣ አብዛኞቹ ላይ አንድ ሽማግሌ ወይ አንዲት አሮጊት ተራራ እያዩ ያለቅሳሉ።

"ኢማ፣ እኛ ሰዎች ስቀን አናውቅም እንዴ?" ትላለች እናቷን።

እናቷ ሙሉእመቤት የሲኒማ አዳራሽ ይጠርጋሉ። መጥረጊያ ይዘው በሩ ላይ ስለሚጠብቁ የፊልሙን ሁሉ መጨረሻ ያውቃሉ፤ መጀመሪያውን ግን አንዱንም አያውቁም። ቤት ሲገቡ መጀመሪያውን ከራሳቸው ፈጥረው ያወሩታል፤ ሰው በሳቅ ይሞታል። ሃዳሳ ይህንኑ ቀርጻ፣ ድጋፉን ለሚሰጠው ኮሚቴ አቀረበች።

ከኮሚቴው ራቪት የምትባል ሴት ደወለችላት። "በጣም ያምራል። ግን በእግር የመጣችሁበት መንገድ የት አለ? ሱዳኑስ? የዘንድሮው ድጋፍ እኮ ለዓሊያ፣ ወደዚህ አገር ለመጣችሁበት ጉዞ ትዝታ ነው። አንድ ትዕይንት ብቻ ጨምሪበት፤ እስከ ነገ እጠብቅሻለሁ።"

አስለቅሺ አላለቻትም። ሃዳሳ ግን ስልኩን ዘግታ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን ስትመላለስ ቆየችና እናቷን ግቢ አወረደቻቸው። ነጠላ አለበሰቻቸው። ባለቀለሙ ጥለት ፊታቸው አጠገብ ቢሆን ለካሜራ ያምራል ብላ ወደ ላይ ገለበጠችው።

"ማን ሞተና ነው?" አሉ ሙሉእመቤት ደንግጠው።

"ማንም አልሞተም ኢማ፣ ለፊልም ነው። ተራራውን እዪ።"

"ጥለት ወደ ላይ የሐዘን ነው፤ ሟርት አትጥሪብኝ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤሰደር?"

"ቤሰደር" አሉ እሺ ለማለት፤ ልጃቸውን እምቢ ማለት አይችሉበትም።

ጎረቤቱ አያ ውድነህ በመስኮት አዩዋቸው። "ዋይ! ዋይ ሙሉዬ! ማነው?" እያሉ በነጠላ ጫማ ወረዱ። ያን ጩኸት የሰማ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የለቅሶ ዳቦ ይዞ ወጣ። በእኛ ሰው ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቅ በኋላ ነው። አንዷማ ደረቷን እየደቃች "ጎበዙ! ጎበዙ!" ትላለች፤ የትኛው ጎበዝ እንደሆነ ሳታውቅ።

"ኧረ የሞተ የለም! ለፊልም ነው!" ጮኸች ሃዳሳ።

"ለፊልም?" አሉ አያ ውድነህ። "በሞትም ቀልድ ተጀመረ? ስኳሬን እኮ ነው ያስነሳሽብኝ! ነገ ቢከፋችሁ ማን ይመጣላችኋል?"

ሰው እያጉረመረመ ሊበተን ሲል ሙሉእመቤት እጃቸውን አነሱ።

"አትሂዱ፤ ለቅሶ የመጣ ሰው እንዲሁ አይመለስም። እህቴ ስንታየሁ ወደዚህ ስንመጣ ሞታ ሱዳን ቀርታለች። ስንቀብራት፣ እንዳይታወቅብን ድምፅ አታሰሙ ተባልን። እስከ ዛሬ አልተለቀሰላትም።"

በዚያው ነጠላ መሬት ተቀመጡ። ለቅሶ ያን ጊዜ ሆነ። አያ ውድነህም ስኳራቸውን ረስተው አነቡ። ካሜራው የሚያጠፋው አጥቶ ይቀርጻል።

ዳቦው ተበልቶ ሰው ሲበተን ሃዳሳ የተቀረጸውን አየችው። ተራራው አለ፣ ነጠላው አለ፣ ሱዳኑ አለ፣ እንባው አለ። ስትስቅበት የኖረችው ትዕይንት ነው። ጥናቷ ላይ "ገንዘብ የሚሰጠው እንባችንን ይመርጣል" ብላ ጽፋ ነበር፤ ነጠላውን የገለበጠው ግን የራሷ እጅ ነው። ብትልከው ፊልሟ ይሠራል፤ ባትልከው ይቀራል። ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሳች።

"ኢማ፣ ልላከው?"

"ማነው የሚያየው?"

"ኮሚቴው።"

"ስንታየሁን ያውቋታል?"

"አያውቋትም።"

ሙሉእመቤት ነጠላውን አጣጠፉ። "እንግዲህ እኔ ነገ ሥራ አለብኝ" ብለው ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ሃዳሳ የእናቷን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዳቦ ገዝታ ወደ ቲራት ካርሜል ተሳፈረች። እንደ ልማዷ ቆማ እየሄደች ለራቪት ደወለች። "የምጨምረው የለም፤ እንዳለ እዩት" አለቻት። ራቪት "ታዲያ ለዘንድሮ አይሆንም፤ አዝናለሁ" አለች። ሃዳሳ አመስግና ዘጋች።

የእናቷና የስንታየሁ ታናሽ እህት ኮኮብ የምትኖረው እዚያ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አንኳኳች። ኮኮብ ከፍታ አየቻትና ክው አለች።

"ማን ሞተ?"

"ስንታየሁ" አለች ሃዳሳ፤ ካሜራውን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ገብታ መሬት ቁጭ አለች።