ከጠረጴዛዬ ጀርባ ያለው ቱቦ

ትናንት ረፋድ ላይ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የሞቱት ጎረቤቴ ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ በራችን ጎን ለጎን ነው። የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ ባዩኝ ቁጥር «ዶክተርዬ፣ ዛሬስ ምን አገኘሽ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ገና ለገባ ለቀስተኛ አሟሟታቸውን ይነግሩታል።

«ሐሙስ ጠዋት ነው፣ አስራ ሁለት ተኩል ላይ። እንደ ልማዱ በባዶ እግሩ ግቢው ቧንቧ ጋ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ሲያገኙት እጁ ቧንቧውን እንደጨበጠ ነው... ልቡ ነው አሉ።»

አስራ ሁለት ተኩል... ሻዩ እጄ ላይ ቀረ።

ለማታውቁኝ፣ ማስተርሴን ፊዚክስ ነው የምሠራው። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሮዝ አልማዝ አለችኝ። የኔ እንዳትመስላችሁ! የላብራቶሪው ናት፤ ክፍሉ እየታደሰ ስለሆነ አማካሪዬ ፈርሞ ከነመሣሪያዋ ቤት እንድወስዳት ሰጠኝ። ቀለበት ላይ ያለ አልማዝ ንጹህ ሲሆን ነው የሚወደደው፣ ይቺ ግን ሆን ተብሎ ጉድለት የተሠራባት ናት። ከካርቦኖቿ መሃል አንዱ ቦታ ላይ ናይትሮጅን ገብቷል፣ ጎኑ ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። አረንጓዴ ሌዘር ስታበሩባት በዛ ጉድለት ምክንያት ቀይ ታበራለች፤ ማግኔት ሲጠጋት የቀዩ ድምቀት ይቀያየራል። ኤሌክትሪክ ባለፈበት ሁሉ ማግኔት ስላለ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው እንኳ አያመልጣትም። ለኳንተም ቴክኖሎጂ ዓለም የሚሻማባት ለዚህ ነው።

ታዲያ ካለፈው እሁድ ጀምሮ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን ልኬቴ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ... የቤት መብራት ምት ነው። ትንሽ ትንሽማ የትም አይጠፋም፣ ይሄኛው ግን ጎልቶ ነው የመጣው። እኔ ምን አደረግኩ? ተናደድኩ! ሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩን ሃምሳዋን ቆርጠህ ጣል ብዬ አዘዝኩት። ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። ግራፌ ጸዳልኝ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አንገቴን ደፍቼ ከድንኳኑ ወጣሁና ቤት ገባሁ። የቆረጥኩትን መልሼ የሐሙስን ልኬት ከፈትኩ። አስራ ሁለት ተኩል ላይ... አለ። ከዛ የአሁኑን አየሁ። አራት ሰዓት ነው፣ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ነው!

ከጠረጴዛዬ ጀርባ በግድግዳው የሚያልፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወደ ግቢው ቧንቧ የሚሄደው የብረት ቱቦ።

በመስኮት ስመለከት ሦስት ሴቶች ቧንቧው ጋ የለቅሶውን ሳህን ያጥባሉ። አንዷ ጫማዋ እንዳይረጥብ እያወለቀች ነው።

«እንዳትነኩት! ቧንቧውን እንዳትነኩት!»

ለቅሶ ቤት እንደዛ አይጮህም፣ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ዳዊት ክንዴን ያዘኝ።

«ዶክተርዬ፣ ምን ነካሽ? ሰው ሐዘን ላይ ነው እኮ!»

«ቧንቧው ኤሌክትሪክ ይዟል!»

«ኧረ በስመአብ... ቅድም እኔን ነዘር አድርጎኝ ነበር፣ ብርዱ መስሎኝ ዝም አልኩ» አለች ከሴቶቹ አንዷ። እሷ የላስቲክ ጫማ አድርጋለች።

ባለሱቁ ከድር ቴስተር ይዞ እየሮጠ መጣ። ጫፉን ቧንቧው ላይ ሲያስነካው ቴስተሩ ቦግ አለ። ሴቶቹ እየተገፋፉ ወደ ኋላ ሸሹ፤ የመጨረሻዋ የያዘችውን ሳህን ጥላው ነው የሮጠችው።

«አሁን ፎቅ ላይ ትልቅ ዕቃ የከፈተ ማነው?» አልኩ።

የዳዊት ፊት አመድ መሰለ። ባለፈው ቅዳሜ ለአራስ ሚስቱ የሻወር ማሞቂያ አስገጥሞላት ነበር። ሥራ ከመሄዱ በፊት ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ይከፍተዋል። አሁን ደግሞ ለለቅሶው ከገጠር የመጡት የጋሽ ሽፈራው ዘመዶች መንገድ አድክሟቸዋል ብሎ፣ ቤቱ አስገብቶ በየተራ እያስታጠባቸው ነው።

ከድር ሽቅብ ሮጦ ብሬከሩን አጠፋው። ሲታጠብ የነበረው ሰውዬ፣ እግዜር ይመስገንና፣ በሰላም ወረደ። በኋላ ሲያዩት ገጣሚው የማሞቂያውን የኧርዝ ሽቦ፣ ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ውሃ ቱቦው ላይ ጠምጥሞት ነው የሄደው፤ ከማሞቂያው የሚያፈተልከው ሁሉ ቧንቧው ላይ ይወርድ ነበር።

«ሁሉም ቤት እንደዚህ ነው ብሎኝ እኮ...» አለ ዳዊት፣ እና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

የጋሽ ሽፈራው ባለቤት፣ እትዬ አስካለ፣ በሰው ተደግፈው መጡ። ቧንቧውን አዩት፣ ዳዊትን አዩት።

«ታዲያ... ሽፌ ልቡ አልነበረም?»

እኔ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ቀስ ብለው መጡና ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ።

«የሰው ልጅ አተረፍሽ፣ እግዜር ያክብርሽ። መቼ ነው ያወቅሽው ልጄ?»

«ዛሬ» አልኳቸው።

ያየሁት እሁድ ነው፣ ጋሽ ሽፈራው የሞቱት ሐሙስ... በየትኛው አፌ ልንገራቸው?