ቅቤና ቅመም ነጋዴዎችን በሰኔ ወደ ዲንሾ ስወስድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠረጴዛና ኮምፒውተር የሚሰጡኝ መስሎኝ አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ቢሮው ሀዋሳ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ያለ ጠባብ የጉዞ ቢሮ ነው። ባለቤቱ አቶ ሚልክያስ ጫማዬን አዩና፣ "ብርቱካን፣ ዛሬ ቢሮ አንገባም" ብለው ወደ መናኸሪያ ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ጥግ አቁመውኝ፣ "የሚሳፈረውን ሰው ተመልከቺ። ምን እንደሚረሳ ማታ ትነግሪኛለሽ" አሉኝ።

ቆሜ ዋልኩ። ውሃ የሚረሳ አለ፣ መታወቂያ የሚረሳ አለ። አንዲት እናት ሻንጣዋን ሁሉ አስጭና ስታበቃ ልጇን ሱቅ በር ላይ ትታ እንደመጣች ትዝ ብሏት እየጮኸች ስትሮጥ አየሁ። ይህን ስነግራቸው አቶ ሚልክያስ ሳቁ። "ሥራሽ ይኸው ነው። መኪናውን ሹፌሩ ይነዳዋል፤ ሰው የሚረሳውን የምታስታውሺው አንቺ ነሽ።" ተረከዜ ተልጦ ስለነበር ቤቴ የገባሁት በባጃጅ ነው።

በረዳትነት ጀምሬ ጉዞ አዘጋጅ ሆንኩ፤ ሥራውንም ለወጣቶች እስካስረክብ ድረስ እሱኑ ሠራሁ። ጉዞ አዘጋጅ ማለት መኪና የሚመርጥ፣ መንገዱን የሚያጣራ፣ ምሳ የሚያሰናዳና ሰው ሲዘገይ የሚቆጣ ሰው ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይቀናኝ ነበር። ሰዓት እወዳለሁ። ሹፌራችን በቀለ፣ "ብርቱካን ከሰዓቷ ጋር ነው የተጋባችው" እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ባሌም ሰምቶ አልካደም።

አንድ ዓመት ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሁለት ሴቶች ቢሮ ገቡ። አንደኛዋ እትዬ ዙበይዳ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ሁለተኛዋ እትዬ አማረች፣ ከጎናቸው ባለው መደብ ቅቤ ሲሸጡ የኖሩ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። አሁን ግን እትዬ አማረች መደባቸውን ለሌላ ሰው ለቀዋል። ድሬዳዋ የምትሠራው ልጃቸው ትምህርት ቤት እንደተዘጋ መጥታ ልትወስዳቸው ነው።

"በልቅሶና በሠርግ ካልሆነ ከገበያ ወጥተን አብረን ውለን አናውቅም" አሉ እትዬ ዙበይዳ። "ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሳትሄድብኝ አንድ ቀን ውሰጂን።"

"የት መሄድ ነው የፈለጉት?"

እትዬ አማረች ከቦርሳቸው አሥር ሳንቲም አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "ይኼ ባለ ቀንዱ የት ነው የሚኖረው?"

"የደጋ አጋዘን ነው፣ እትዬ። ባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ዲንሾ ላይ ይገኛል።"

"እሱን ለሰው መልስ ስሰጥ ነው ያረጀሁት። አሁን አሥር ሳንቲም ብትሰጪው የሚቀበልሽ እንኳ የለም። ፊቱን ሳላይ ከዚህ አገር አልወጣም።"

ለአቶ ሚልክያስ ስነግራቸው ግንባራቸውን ያዙ። "በሰኔ መጨረሻ? ክረምት ሲገባ? ሰው ሽርሽር የሚወጣው በበጋ ነው!" እውነታቸውን ነው። ግን ቀኑን መግፋት አይቻልም። ሐምሌ ከገባ እትዬ አማረች ሀዋሳ የሉም። "እንግዲህ ዝናቡን አስፈቅጂ" ብለው ተስማሙ።

መጀመሪያ የደወልኩት ዲንሾ ለማውቀው ስካውት ነው። ስካውት የምንለው የፓርኩን ጠባቂ ነው። "አጋዘኑ በክረምትም አለ" አለኝ። "ችግሩ ጉሙ ነው። ከቀትር በኋላ ከወረደ እጅሽንም አታዪው። ከምሳ በፊት ግቡ።" ይህችን ቃል ያዝኩና የጉዞውን ሰዓት በሙሉ በእሷ ላይ ሠራሁ።

ከዲንሾ በላይ ወዳለው የሳነቴ አምባ እንደማንወጣም ወሰንኩ። እትዬ አማረች ደም ግፊት አለባቸው፣ ከፍታው አይሆናቸውም። በቀለ ሃይሩፍ ሚኒባሱን ጋራዥ አስገብቶ ፍሬኑን አስፈተሸ፤ እስኮርታ ጎማውን ራሴ በእጄ ተጫንኩት። ለተጓዦቹ፣ ማለትም ለሁለቱና ለጥቂት የገበያ ጎረቤቶቻቸው፣ ጋቢ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ እንዲይዙ ነገርኩ። የሀዋሳ ሰው ብርድ ሲባል የሐይቁ ንፋስ ነው የሚመስለው። "ካልሲ ደግሞ ለምን?" አሉ እትዬ ዙበይዳ። "ልትድሪን ነው እንዴ?"

ምሳውን ዓሣ አደረግኩት። የተደባለቀ ቡድን ሲገጥመን ልማዳችን ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ሥጋውን ለይቶ መያዝ ነው። እነዚህን ሁለት ሴቶች ግን ለመጨረሻ ጊዜ አውጥቼ ለየብቻ ላበላቸው አልወደድኩም። ዓሣን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ መጥበሻ ገዝቼ፣ በአዲስ ዘይት አስጠብሼ፣ ከዳቦ ጋር አንድ ትልቅ ሳህን ላይ እንዲቀርብ አዘዝኩ። ዳጣውን እትዬ ዙበይዳ "በኔ ይሁን" አሉ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሁሉም በሰዓቱ መጥቷል፤ ነጋዴ ማልዶ መነሳት አይቸግረውም። ሻሸመኔን አለፍን፣ ኮፈሌን አለፍን። እትዬ አማረች መዝሙር ያወጣሉ፣ እትዬ ዙበይዳ ቃሉን ባይሉትም ያጨበጭባሉ። ማሳው ለምልሟል፣ ሰማዩ ገና ንጹሕ ነው። በሆዴ "ይኸው፣ በሰኔም ይሆናል" እያልኩ ራሴን አሞግስ ነበር።

ከዶዶላ አለፍ እንዳልን አንዲት ትንሽ ከተማ ደረስን። ገበያ ቆሟል። መንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ሽንኩርት በጆንያ፣ ድንች፣ ገብስ፣ ማር፣ ቅቤ በቅል። ድልድዩን፣ ጭቃውን፣ ነዳጁን ሁሉ አጣርቼ ነበር፤ የገበያውን ቀን ግን ማን አስቦት! ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ።

መኪናው ውስጥ ዝማሬው ቀጥ አለ። "በቀለ፣ አቁም" አሉ እትዬ ዙበይዳ።

"ሽንት ቤት ነው?" አልኩ።

"ነጭ ሽንኩርት ነው!"

እኔ አፌን ሳልከፍት በሩ ተከፈተ። አንዷም አልቀረች። እትዬ ዙበይዳ አንዱን ራስ ሽንኩርት ፈልቅቀው አሸተው፣ ዋጋ ጠየቁ፣ ሳቁ፣ ጥለው ሄዱ፣ ተመለሱ። ሌላዋ ድንች ታስመዝናለች። በቀለ ጆንያ ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እኔ ሰዓቴን እያሳየሁ ከአንዷ ወደ አንዷ እሮጣለሁ። "እትዬ፣ ጉሙ ይቀድመናል!" ስላቸው እትዬ ዙበይዳ ዞር ሳይሉ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ" አሉኝ።

እትዬ አማረችን ፈለግኳቸው። አንዲት የቅቤ ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ከቅቤው ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አሹ፣ አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደግመው አሸተቱ። ሻጯ አማርኛ ብዙም አትችልም፣ እሳቸው ኦሮምኛ አይችሉም፤ በጣት ተከራክረው ተስማሙ። ክዳን ያለው ባልዲ ተገዝቶ ቅቤው እስከ አፉ ተሞላ።

እትዬ ዙበይዳ ደርሰው አዩ። "አሚዬ፣ መደብሽን ለቀሽ የለም እንዴ? ይኼ ሁሉ ቅቤ ለማን ነው?"

እትዬ አማረች ባልዲውን አዩት፣ እጃቸውን አዩት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። "እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! እጄ ጡረታ መውጣቱን አልሰማም!" ሳቃቸው እንባ ሆነ፤ እትዬ ዙበይዳም አንገታቸውን አቅፈው አብረው ሳቁም አለቀሱም። ሻጯ ግራ ገብቷት እኔን ታያለች።

ልቆጣ ነበር የመጣሁት። አጋዘኑን ሳያዩ ከቀሩ ጥፋቱ የእኔ፣ ቀኑም የማይደገም መሆኑን አውቃለሁ። ግን እነዚህን ሴቶች ከዚያ ገበያ ጎትቼ ባወጣቸው ከዚህ የበለጠ የት ልወስዳቸው ነው? ሰዓቴን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከበቀለ ጋር ሆኜ ጆንያውን ጣሪያው ላይ አሰርኩ።

ዲንሾ ስንደርስ ቀትር አልፏል። ጉሙ ወርዶ ዛፉን ሁሉ ውጦታል። ስካውቱ ዝናብ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። "ከምሳ በፊት አላልኩሽም?" አለኝ። ጣሪያው ላይ ያለውን ጆንያ ሲያይ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ዓሣውን መኪናው ውስጥ በላን፤ ሁሉም ከአንድ ሳህን። ዳጣው ብርዱን አስረሳን። እትዬ ዙበይዳ ግን ብዙ አልበሉም። "በኔ ነጭ ሽንኩርት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ወላሂ፣ በኔ ስስት ነው አጋዘኑ የቀረባት።" እትዬ አማረች አንድ ቁራሽ ዓሣ አጉርሰዋቸው፣ "ብዪ፣ ዝም በይ" አሏቸው።

ከምሳ በኋላ ስካውቱ፣ "እስቲ እንሂድ፤ ድምፅ እንዳታሰሙ" ብሎ መራን። የጽዱና የኮሶው ዛፍ ውሃ ያንጠባጥባል። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ፣ ካልሲ ያልያዙት በፌስታል እግራቸውን ጠቅልለው፣ በአንድ ረድፍ እንሄዳለን። የሚታየው ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። በልቤ ለእትዬ አማረች የምላቸውን ቃል እየፈለግኩ ነበር።

ስካውቱ በድንገት እጁን አነሳ። ጉሙ ሳሳ አለ። ካሰብኩት በጣም በቀረበ ቦታ፣ ሣሩ ላይ፣ ትልቁ ወንድ አጋዘን ቆሟል። ቀንዱ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ጠጉሩ ረጥቧል፣ ያመነዥካል። ከኋላው እንስቶቹ። ዞር ብሎ አየን፤ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ማመንዠኩን ቀጠለ።

ከዚያ ከጎኔ የእትዬ ዙበይዳ ሹክሹክታ መጣ፦ "ስንት ያወጣ ይሆን?"

ስካውቱ ክው አለ። "አይሸጥም፣ እናቴ!"

እትዬ አማረች የጓደኛቸውን እጅ ይዘው ዓይናቸውን ከአጋዘኑ ሳያነሱ፣ "ዛሬ አንድ ነገር እንኳ ዋጋ ሳንጠይቅ እንይ፣ ዙቢ" አሉ። ሁሉም ሳቁን በጋቢው አፈነ። ጉሙ እስኪመለስ ድረስ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ብዙ እንስሳ ፊት አቁሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ልጃቸው መጥታ እትዬ አማረችን ወሰደቻቸው። ባልዲውን ለእትዬ ዙበይዳ፣ "ሽጪው" ብለው ትተውላቸው ሄዱ።

ሐምሌ ውስጥ እትዬ ዙበይዳ ቢሮ መጡ። በጥብቅ የታሸገ ዕቃ ይዘዋል፤ ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ። ቅቤውን አልሸጡትም። በራሳቸው ኮረሪማ፣ በራሳቸው በሶብላና ኮሰረት አንጥረውታል። "ይኸን ሁሉ ዘመን እሷ ቅቤ ስትሸጥ እኔ ቅመም ስሸጥ፣ አንድ ድስት ውስጥ አስገብተነው አናውቅም" አሉ። "ድሬዳዋ አድርሺልኝ።" መናኸሪያ ወስጄ ለማውቀው ሹፌር በአደራ ሰጠሁት። በማግስቱ እትዬ አማረች ደወሉልኝ። ስለ አጋዘኑም ስለ ጉሙም አላነሱም። "ብርቱካን" አሉኝ፣ "ያቺ ሻጭ ቅቤው ላይ ውሃ አልጨመረችም። ገና ሳሸተው አውቄ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ የት መሄድ እንደሚፈልግ ከመጠየቄ በፊት በምን ሥራ እንደሚተዳደር እጠይቃለሁ። ለነጋዴ የገበያ ሰዓት ይመደባል። ጉም አለ ከተባለ ደግሞ ከቤት ቀደም ብሎ መውጣት ነው።