የጋሽ አምሐ ማስነሻ ዲስክ

ፍሎፒ ዲስክ ሲነበብ ክር… ክር… የሚለው ድምፅ ድሮ ለጋሽ አምሐ ጆሮ ከመሰንቆ ይጥም ነበር። ኮልፌ ባለች አንዲት የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩ፣ አልነሳ ያለውን ኮምፒዩተር ሁሉ በማስነሻ ዲስክ የሚቀሰቅሱት እሳቸው ነበሩ።

ዘንድሮ የማሠልጠኛው ባለቤት፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ብሩኬ፣ በተማሪዎች ፊት አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ይቺን ካስነሷት ሥራዎን ይቀጥላሉ። ካልሆነ አብረዋት ይረፉ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጋሽ አምሐ በቀረቻቸው አንዲት ደህና ዲስክ ማስነሻውን ሠሩ፤ በሌላ ኮምፒዩተር ሞክረውም ቤታቸው ወሰዷት። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበወርቅ፣ ለነገው ብርቅ ዕቃ ተጨንቀው፣ አቧራ እንዳይነካት ትልቁ የቴፕ ስፒከር ላይ አስቀምጠው ዳንቴል አለበሷት።

በማግስቱ ኮምፒዩተሯ ዲስኳን ብትፈትሽ፣ ብትፈትሽ ምንም አላገኘችባትም።

«ጋሼ፣ ዲስኳም እንደ እርስዎ ጡረታ ወጥታለች!» አለ ብሩኬ፤ በሩንም አሳያቸው።

ቤት ገብተው ዲስኳ የት እንዳደረች ሲሰሙ፣ የስፒከሩ ማግኔት በላይዋ የተጻፈውን ሁሉ እንዳጠፋው ገባቸው። ለብሩኬ ያልመለሱትን ሁሉ በሚስታቸው ላይ አወረዱት።

«አንቺ ደንቆሮ! እንጀራዬን በዳንቴል ገነዝሽው!»

«አቧራ እንዳይነካት ብዬ እኮ ነው፣ አምሐዬ።»

«ልጅ እንኳ አልወለድሽልኝ። ያለችኝን አንዲት ነገር ደግሞ ገደልሽብኝ።»

እትዬ ዘነበወርቅ ዳንቴላቸውን ከስፒከሩ ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ ነጠላቸውን ከወንበሩ አነሱና ከቤቱ ወጡ።