አንድ ጠመንጃ ለሦስት ሰው፦ ከባሕር ዳር ዘጌ

የአባቴ ዘንግ ጌሾው ውስጥ የተደበቀውን ጥይት ሲነካ፣ አውቆ ነው ሴትዮዋን «እለፊ» ያላት ወይስ ሳያውቅ? ይህን ጥያቄ ያመጣሁት ከዘጌ ነው።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ የባሕር ዳር ወደብ

ጀልባዋ ገና ጭነት ላይ ናት። የጨው ጆንያ፣ ሳሙና፣ ሁለት ጥቅል ቆርቆሮ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። እኔ የያዝሁት ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት፣ ሁለት ዳቦና አንድ የተጠቀለለ ካርቶን ነው።

«እታለም፣ ያ ምንጣፍ ነው?» አሉኝ የጀልባው ነጂ አቶ ፈንታ።

«ሠራዊት ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያማ ለእያንዳንዱ ወታደር ትኬት ትቆርጫለሽ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከደስታ ብዛት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ካርቶኑ በምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሰቀል ሰንጠረዥ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ጣና ዳር የተዋጉት ሁለት ወገኖች እንዴት ተደራጅተው እንደነበር ያሳያል። የግራው ወገን ሞልቷል። ከላይ ጣሊያናውያን መኮንኖች፣ ከሥር የአገሬው ቅጥር ወታደሮች፦ ሹምባሽ፣ ቡሉክባሽ፣ ሙንታዝ፣ እስከ ተራው አስካሪ። ሻለቃ ጦሮቹ በመቀነታቸው ቀለም ይለያሉ። ጥቁር ሰው ከሹምባሽ በላይ አይወጣም። ይህን ለመጻፍ ብዙ መጽሐፍ አላገላበጥሁም፤ አባቴ የጣሊያን ሙንታዝ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እነዚህን ማዕረጎች ግን ከፊደል በፊት አውቃቸዋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የነገርሁት አንድም ሰው የለም።

የቀኙ፣ የአርበኞቹ ወገን፣ «የጎበዝ አለቃ» ይልና ከሥሩ ባዶ ሳጥን ነው።

2 ሰዓት፣ ሐይቁ ላይ

ውሃው ጸጥ ብሏል። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ቀዛፊዎቹ ከአቶ ፈንታ ጋር በጩኸት ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ስለ ባዶው ሳጥን ለአቶ ፈንታ ስነግራቸው መሪውን ሳይለቁ በአገጫቸው ወደ ጫካው ጠቆሙኝ።

«እማማ ታንጉትን ጠይቂ። እሳቸው የማያውቁትን ዘጌም አያውቀው።»

3 ሰዓት ተኩል፣ ዘጌ

ድንጋያማ ዳገት፣ የሎሚ ሽታ፣ በየደጁ የተሰጣ ጌሾ። እዚህ በሬ አይጠመድም፤ እህሉ የሚመጣው ጌሾና ሎሚ ተሽጦ ነው። እማማ ታንጉት ረጅም፣ ቀጭን ናቸው። የጌሾ ቅጠል ከእንጨቱ ሲለዩ አገኘኋቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

የአባቴን ትቼ የእናቴን አባት ስም ጠራሁ፤ የወንዛዬ አገር ሰው ነው። እውነት ነው፣ ሙሉ ግን አይደለም።

ካርቶኑን ዘርግቼ አርበኞቹ እንዴት እንደተደራጁ ጠየቅሁ።

«የምን ሠራዊት! የጽዋ ማኅበራችን ነበር እንጂ» አሉ። «አንድ ጠመንጃ ለሦስት ሰው። አንዱ ጫካ ይሰነብታል፣ አንዱ ስንቅ ያመላልሳል፣ አንዱ ቤቱ ሆኖ ጌሾውን ይቆርጣል፤ ጣሊያን ሲያየው ገባር ነው። ወሩ ሲሞላ ይቀያየራሉ። ጠመንጃው ከጫካ አይወጣም።»

«ተራውን ማን ይይዛል?»

«ሙሴው ነዋ፣ የማኅበሩ አለቃ! ባሌ ነበር። ሲሞትብኝ እኔ ያዝሁት።»

«በጽሑፍ?»

«ጣሊያን እንዲይዘው ነው? የተማረ ሰው ሞኝ ነው! እዚህ ነው የተያዘው» ብለው ግንባራቸውን ነኩ።

ጣሊያን በጠመንጃ ሲቆጥር አርበኛው ጥቂት ይመስለዋል፤ በሰው ሲቆጥር ሁሉም በየተራው ቤቱ ያለ ገባር ነው! ባዶውን ሳጥን ደመሰስሁና ተራው የሚዞርበትን ክብ ሣልሁ። በመጽሐፍ ያላገኘሁት ነገር ጉልበቴ ላይ ነበር፤ መጮኽ አማረኝ።

«የወዲያኛውንስ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብሁ። «ሙንታዝ» ስል እጃቸው ቆመ።

«ሙንታዝ አዳነ! የእኛው የዘጌ ሰው። ባሕር ዳር ወደብ ቆሞ የታንኳውን ጭነት ሁሉ በዘንግ ይወጋ ነበር። ለጢስ ዓባይ አርበኞች ጥይት በጌሾ ሸፍኜ ስሄድ ዘንጉ ነካው። ቀጭ አለ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ‹እለፊ› አለኝ። በወሩ ደግሞ በዚያው ዘንግ የወንድሜን ጭነት ወጋ፤ አሳልፎ ሰጠው፤ ተሰቀለ።»

ማስታወሻዬ ላይ ያንኑ ቃል በቃል ጻፍሁ። አዳነ አባቴ ነው። ማስታወሻዬን ከድኜ ካርቶኑን ጠቀለልሁ። በዳጉሳ እንጀራ የዓሣ ወጥ አቀረቡልኝ፤ በላሁ።

10 ሰዓት፣ ጉዞ ወደ ባሕር ዳር

«ሠራዊቱ ተሟላ?» አሉኝ አቶ ፈንታ።

«ተሟላ» አልሁ። ነፋሱ ካርቶኑን ሊነጥቀኝ ሲታገል በሁለት እጄ አቅፌው ተቀመጥሁ።

ሰኔ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደገና ዘጌ

ሰንጠረዡ ተሰቅሎ ተማሪው ሁሉ ክቡን ሲያደንቅ፣ እኔ ማንነቴን ደብቄ ቤታቸው የበላሁት እንጀራ ይቆረቁረኝ ጀመር። ተመልሼ ሄድሁ። ሳልቀመጥ ነገርኋቸው።

«እማማ፣ ሙንታዝ አዳነ አባቴ ነው።»

«ማን ቀበረው?» አሉኝ።

«እኔና እናቴ፣ ከቄሱ ጋር። ዘጌ መርዶ ልከን ነበር፤ የመጣ ሰው የለም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«መርዶው ደርሶን ነበር» አሉ። «ማኅበሩን ሰብስቤ ማንም ለቅሶ እንዳይሄድ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።