ማሽኑ የተወው

የጭነት መኪናው ሹፌር ፍርስራሹን ለመጫን ግቢው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ዓይኑን ከሴትዮዋ ላይ መንቀል አቃተው። ማሽኑ ያረጀውን የመኪና መግቢያ አስፋልት ፈነቃቅሎ ሲሄድ፣ ከቤቱ ደፍ ሥር ምንጣፍ የምታህል ቁራጭ ትቶ ነበር። እሷ ደግሞ የወንድ ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቅልላ፣ ከቁራጯ ጋር የሞት ሽረት ትግል ገጥማለች። ዶማው ሲነጥርባት መዳፏ ላይ እንትፍ ትልና እንደገና ታነሳዋለች።

«እናቴ፣ ምን አደከመዎት? አዲሱ አስፋልት ከላይ ሲነጠፍበት ማን ሊያየው ነው?» አላት።

«ለሚያየው መች ሆነና!» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ይቺስ ካለች አለች ናት» አለ በሆዱ።

በመጨረሻ ቁራጯ ተገነጠለች። ሴትዮዋ ላቧን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገች።

«ልጫን?»

«ቆይ ልጄ፣ አንዴ ልየው።»

ወደ ቤት ገባችና ላስቲኩ ገና ያልተነሳለት አዲስ ዊልቸር እየገፋች ወጣች። ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ሰው ሲጠብቅ እሷው ራሷ ተቀመጠችበት። እግሮቿን የሷ እንዳልሆኑ ሁሉ ለቀቅ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከደፉ ጀምራ ጎማውን በእጆቿ እየገፋች ወደ ውጭው በር ወረደች። መሃል ላይ ስትደርስ ጎማው አንድ የተረሳ ጉብታ ላይ ወጣና አንገጫገጫት። ጥርሷን ነከሰች።

ተነስታ፣ መጋረጃው ወደተዘጋው የመኝታ ቤት መስኮት ለአፍታ ተመለከተች።

«እዚህ ጋ ያማል» አለችና ዶማዋን አነሳች።