ፍሪጅ ላይ የወጣችው ትሪ

ይሄ እጅ ላይ የሚረጩት ነገር ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ልጄ፣ ሙዋይጂ ሰፈር ነው የምገኘው፤ አረብ አገር፣ አል አይን ከተማ፣ የማዳም ቤት የጓሮ ኩሽና። ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። ያኔም አያት ነበርኩ፤ ጉልበቴ ግን ገና ኮረዳ ነበር፣ አትሳቂ።

ሦስት ነበርን፦ እኔ ወጥ ሠሪዋ፣ ሹፌሩ፣ ደሞ የማዳምን ልጆች የምትይዝ አንዲት የትግራይ ልጅ። የምንበላው ከአንዲት ሰፊ ትሪ ነበር። ልጅቷን ማጉረስ የኔ ነው፤ ትልቅ ትልቁን ጠቅልዬ ጉንጯ ሲነፋ እስቅባታለሁ። በሽታው ሲመጣ ማዳም በየሰሃናችሁ ብሉ አለች። ትሪዋ ፍሪጁ ላይ ወጣች።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነት ተነሳ። የልጅቷ እናት ስልክ አልሠራ አለ። ሹፌሩ ደሞ በየምሳው ምክንያት ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ ሥልጣን ነው፣ ነገ መሬት ነው፣ ከነገ ወዲያ ጦር ሰፈር ስለተመታ ነው፣ የቆየ ቂም ነው። እኔስ ፊደል ያልቆጠርኩት መች ዝም አልኩ? «እልህ ነው እንጂ!» እያልኩ ወሬውን እንደ ሠርግ አደምቅ ነበር።

አንድ ቀን ሰሃኗን አስቀመጠችና፣ «እማማ፣ ሁሉም ልክ ይሁን። እናቴ የትኛው ምክንያት ውስጥ ገባች?» አለችኝ።

ቀልድ የማይጠፋኝ ሴትዮ፣ ዞሬ ድስት መፈተግ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሄደች ለብቻዋ ትበላ ጀመር።

ክትባቱን ስንወጋ ማዳም «ኸላስ፣ አበቃ፣ እንደ ድሯችሁ ብሉ» አለች። ትሪዋን ማን ያውርዳት? ሹፌሩ መጀመሪያ ታናግረኝ አለ። እኔ ታናሽ ናት፣ እሷ ትምጣ አልኩ። እሷ ምን እንደምትል የጠየቃት የለም። አገርም እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይዞ ይቆማል፣ እጁን የሚዘረጋ ይጠፋል።

በኋላ ማዳም ልጅቷን አቡዳቢ ላለችው ትልቋ ሴት ልጇ ሰጠቻት። ሹፌሩ አድርሷት ተመለሰ።

በነጋታው ትሪዋን ላወርድ በርጩማ ላይ ወጣሁ። የአል አይንን አቧራ መቼም አታውቂውም፤ ዛሬ የወለወልሽው በሳምንቱ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ፍሪጁ ላይ ያለው አቧራ ውስጥ ጣቴ ሰመጠ። ትሪዋ ግን ታበራለች። ገለበጥኳት፤ ጀርባዋም ንጹሕ ነው።

ለካ ልጅቷ እኛ ሳናይ እያወረደች ታጥባት፣ መልሳ ታስቀምጣት ኖሯል።